ለምን እንዳልተመረጡ ያልተነገራቸው ዳኛ

ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. በአንዲት የክልል ከተማ የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። መዝገብ አቀርባለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ዳኛው የሚሉትን እጽፋለሁ፣ ትዕዛዝ አዘጋጅቼ ማኅተም አስመታለሁ። አሁን ሥራዬ ሌላ ነው። ግን የዳኞች ሹመት ዜና በሰማሁ ቁጥር ያቺ ክፍል ትመጣብኛለች። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት ምስክር አላሰማ ይለናል፣ እኛም ችሎቱን አቁመን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ ልጽፈው አስቤ ትቼዋለሁ። ዛሬ ልጨርሰው።

ዳኛዬ ሃምሳውን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። ችሎት ላይ "ክቡር ፍርድ ቤት" እንላለን፣ ከችሎት ስንወጣ ግን ለሁላችንም "ጋሼ" ናቸው። አንድ ቀን የባጃጅ ሹፌር የሆነ ልጅ ቀረበ። ሁከት በማነሳሳት ተጠርጥሮ ነው። ጊዜው 2008 ነው፣ እንዲህ ዓይነት መዝገብ በየከተማው ሞልቶ ነበር። ልጁ ሲቀርብ ሦስተኛው ነው። መርማሪው እንደ ወትሮው ተጨማሪ 14 ቀን ጠየቀ።

"ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?" አሉት ጋሼ።

"ምስክር እያፈላለግን ነው ክቡር ፍርድ ቤት።"

"ያኔም ያልከኝ ይህንኑ ነው።"

መብራት ስላልነበረ ትዕዛዙን በእጃቸው ጻፉት። 3 ሺህ ብር ዋስ አስይዞ ይውጣ። እየጻፉ ሳሉ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልካቸው ነዘረ። ዝም አሉት። ደግሞ ነዘረ። አየት አድርገው በፊቱ ደፉትና መጻፋቸውን ቀጠሉ። ማን እንደደወለ ዛሬም አላውቅም። ዓይኔ ላይ የቀረው እጃቸው ነው። አልፈጠነም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ከላይ በጀመሩበት ጽሕፈት እስከ ታች ጨረሱት።

ብሩን ያዋጡት የልጁ ጓደኞች፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ናቸው። እናትየው የመፍቻ ትዕዛዙን ተቀብለው እየሮጡ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስደርስ በሩ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። "የበላይ አካል ሳያውቅ አንለቅም አሉኝ ልጄ። ወረቀቱ ጎደሎ ይኖርበት ይሆን እንዴ?" ብለው ዘረጉልኝ። አየሁት። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ የመዝገብ ቁጥሩ አለ። ምንም አልጎደለበትም። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ግራ ገባኝ።

ጋሼ የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ እንዲያስረዳ አዘዙ። አልቀረበም። ደግመው አዘዙ፣ አሁንም አልቀረበም። በሦስተኛው መጣና በትሕትና እጅ ነስቶ "ትዕዛዙ ደርሶናል፣ እያጣራን ነው" አለ። ልጁ የተፈታው ትዕዛዙ በተጻፈ በ19ኛው ቀን ነው። እናትየው ሊያመሰግኑ መጥተው እንደነገሩኝ፣ ያስፈታው የእኛ ወረቀት ሳይሆን ከሌላ ቦታ የተደወለ ስልክ ነው።

እስከዚህ ያለው ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

ዓመት ሳይሞላው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት የምልመላ ማስታወቂያ ወጣ። ጋሼ ተወዳደሩ። ፈተና ተፈተኑ፣ ቃለ መጠይቅ ቀረቡ። እኛ ጸሐፊዎቹ ያልፋሉ ብለን ቀድመን ተደስተን ነበር፤ መዝገብ የማያሳድሩ፣ ባለጉዳይ የማያመናጭቁ ሰው ናቸው። ዝርዝሩ ሲመጣ ስማቸው የለም። ደብዳቤ የለም፣ ውጤት የለም፣ "በዚህ ምክንያት" የምትል አንዲት መስመር የለችም።

ቡና ይዤላቸው ገባሁና "ጋሼ፣ ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"አልተነገረኝም።"

ሌላ ቃል አልጨመሩም። በፈተና ተበልጠው ሊሆን ይችላል። የተሻለ ሰው ተገኝቶም ሊሆን ይችላል፣ ይህንን ከልቤ ነው የምለው። ግን ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ሬጅስትራሩ፣ ምክንያቱን በልቡ ይዞታል። የባጃጁ ልጅ ነው። ማንም አፍ አውጥቶ አላለውም። ሁሉም ግን ገምቶ ጨረሰ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሌላኛው ችሎት ጸሐፊ ወልዳ ስለነበር እሷን ተክቼ ገባሁ። ዳኛው ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ሕጉን ጥርሱን ነቅሎበታል። የዚያኑ ዓይነት መዝገብ ቀረበለት። ድሮ ሳውቀው መጀመሪያ መዝገቡን ይገልጥ ነበር። የዚያን ቀን ሳይገልጠው ወደ መርማሪው ቀና ብሎ "ይሄ የማን ጉዳይ ነው?" አለ። መርማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰለት። 14 ቀኑን ፈቀደ።

ስለ ዳኝነት ነጻነት ያለኝ ሐሳብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች ጥያቄ ነው። ወጣቱን ዳኛ ማንም ደውሎ አላስፈራራውም፣ ጉቦም አልሰጠውም። አንድ የሚያከብሩት ሰው ለምን እንዳልተመረጡ ሳይነገራቸው ቀረ፣ የቀሩት መልሱን ከራሳቸው ፈለጉ፣ ባገኙትም መልስ መፍረድ ጀመሩ። በድብቅ የሚደረግ ሹመት አንዳንዴ ትክክለኛውን ሰው ሊያስገባ ይችላል። ያም ሆኖ የቀሩትን ሁሉ ሲገምቱ ያኖራቸዋል። የሚገምት ዳኛ ደግሞ ሕጉን ከማየቱ በፊት ሰዉን ያያል።

እኔን በጣም የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ዳኛ ለምትሰጠው ትዕዛዝ ሁሉ ምክንያት ጻፍ የሚባል ሰው ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ የተነሳ ክርክር እንኳ "ፍሬ ነገሩ"፣ "ጭብጡ"፣ "ትንተናው" ተብሎ ይጻፍበታል። የተረታ ገበሬ የፍርድ ግልባጭ ወስዶ፣ ውጭ ዛፍ ሥር ለሚያነብለት ሰው ብር ከፍሎ፣ በምን እንደተረታ ሲሰማ አይቻለሁ። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለው ሕዝብ እኮ ነው። በቅሎውን አጥቶም ምክንያቱ ከተነገረው ይችለዋል። የዳኛው የራሱ ዕጣ ግን ያለ አንዲት መስመር ምክንያት ይወሰናል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል ብትሉኝ፣ አንቀጽ 79 ያምራል። ዳኞች በሙሉ ነጻነት ይሠራሉ፣ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመሩም ይላል። ከጡረታ ዕድሜያቸው በፊትም እንዲሁ አይነሱም፤ የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሆነ የችሎታ ወይም የቅልጥፍና ማነስ፣ ወይም ሥራ የሚያስቆም ሕመም መኖሩን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲወስንና ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። መውጫው በር በደንብ ተጠብቋል ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መግቢያው ነው። አንቀጽ 81 ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። የቀሩትን የፌዴራል ዳኞች ጉባኤው ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ጉባኤውን የሚሰበስበው ያው ፕሬዚዳንቱ ነው። በክልልም መልኩ ተመሳሳይ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል፣ ለሌሎቹ የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ደግሞ የክልሉ ጉባኤ ያቀርባል፣ የፌዴራሉ ጉባኤም አስተያየት ይጠየቅበታል። አስተያየቱ በሦስት ወር ካልመጣ ሹመቱ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም፣ እኔም የችሎት ጸሐፊ ሆኜ እንኳ ያነበብኩት ጋሼ ከቀሩ በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው በር ላይ የቆመው አስፈጻሚው ነው። በዚያ በር የገባው ሰው ለቀሩት ሁሉ የሚከፈተውን በር ይይዛል። አቅራቢው ጨዋ ከሆነ ይሠራል። ካልሆነ ግን የሚያስቆመው ነገር አንቀጹ ላይ አይታየኝም። ምክር ቤቱስ አለ አይደል የሚል ይኖራል፤ ምክር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፓርቲ ተይዞ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን።

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ እኛ ሬጅስትራሩ ክፍል በአንድ ስልክ ላይ ተደራርበን ነበር የምናየው። ድሮ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ሴቶቹ ጸሐፊዎች እልል ብለናል። ልክ በሦስት ሳምንቱ፣ ኅዳር 13፣ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ጋሼ ያን ቀን ቢሮአቸው ተቀምጠው "ይቺ ልጅ እኮ ዳኛ ነበረች" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል።

የብርቱካንን ታሪክ ያልሰማ ወጣት ካለ ልንገረው። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ፊታቸው ቀረቡ። በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ መልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለከልበት ሕግ ወጣ። ያንን ትዕዛዝ የጻፈች እጅ በኋላ የት የት እንደደረሰች አስቡት፤ ተቃዋሚ ፓርቲ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እስር፣ ይቅርታ፣ ደግሞ እስር፣ ስደት። በነገራችን ላይ በዚያው በ1997 ምርጫ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አንድ ሰው ነበሩ፣ አቶ ከማል በድሪ። ስለ ሰውየው ጠባይ አይደለም የማወራው። አንድ ሰው ሁለቱንም ወንበር ይዞ ሲቀመጥ፣ በቦርዱ ቅር የተሰኘ ተወዳዳሪ ፍርድ ቤት ሲሄድ በልቡ ምን ይላል? ያው ይገምታል።

የ2011ዱ ተስፋ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ሁሉም ከንቱ ነበር አልልም። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1233 እና 1234 ወጡ፣ ዳኛ የሚመለመልበትና የሚጠየቅበት አካሄድ እንደ አዲስ ተጻፈ። በዚያው በ2013 ግን ፖለቲከኛው ልደቱ አያሌው ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶላቸው ፖሊስ አልለቅም ማለቱን በዜና ስሰማ፣ የባጃጁ ልጅ እናት በር ላይ ቁጭ ብለው ታዩኝ። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ የወ/ሮ መዓዛንና የምክትላቸውን የአቶ ሰለሞን አረዳን የመልቀቂያ ጥያቄ ተቀብሎ በዚያው ቀን አቶ ቴዎድሮስ ምሕረትን ፕሬዚዳንት፣ ወ/ሮ አበባ እምቢአለን ምክትል አድርጎ ሾመ። አዲሶቹ ተሿሚዎች አይመጥኑም ማለቴ አይደለም። ጠዋት ቁርሱን በልቶ የወጣ ዜጋ ማታ ሲገባ የሀገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች ተቀይረው አገኘ። እነማን ታጭተው ነበር? በምን ተመዘኑ? የቀድሞዎቹስ ለምን ለቀቁ? እንደገና ግምት።

ይህ ነገር ትናንት የመጣ አይደለም። የድሮው ትልቁ ዳኛ ማዕረጉ "አፈ ንጉሥ" ነበር፤ የንጉሥ አፍ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ናቸው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር ለማንም አይገዙም ተባለ፣ ሿሚው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው የሚፈርዱበት ዙፋን ችሎት አለ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ስንል ኖረን፣ ንጉሡ በወረዱ ማግስት አፉም ጠፋ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ በጥይት አለቁ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩበት። የንጉሥ አፍ ሆኖ የኖረ ዳኝነት የራሱ ድምፅ ስላልነበረው በዚያች ሌሊት ማንንም ሊያተርፍ አልቻለም። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

እና ምን ይደረግ? እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ2013 ሚያዝያ ከሞያሌ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ዋና ዳኛቸውን ሲመርጡ በዩቲዩብ በቀጥታ ተከታትያለሁ። ሥራ ቦታ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ። ኬንያ በ2010 እ.አ.አ. ባወጣችው ሕገ መንግሥት መሠረት የዳኞች ኮሚሽኑ ተወዳዳሪዎችን በአደባባይ ይጠይቃል። ያኔ ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት 10 ነበሩ። አንድ ተወዳዳሪ ለሰዓታት ተቀምጦ ስለ ጻፈው ፍርድ፣ ስለ ሀብቱ፣ ስለ ሥራ ታሪኩ ይጠየቃል። ከእነሱ አንዱ በ2017 እ.አ.አ. በነበረው የምርጫ ክርክር የኡሁሩ ኬንያታ ጠበቃ የነበሩት ፍሬድ ንጋቲያ ናቸው። እኔ የሀገሩ ሰው ሳልሆን ማን ጥሩ እንደመለሰ፣ ማን እንደተንተባተበ አውቅ ነበር። በመጨረሻ ማርታ ኩሜ ተመረጡ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ።

የኬንያ ነገር ሁሉ ማር ነው አልልም። መስከረም 1 ቀን 2017 እ.አ.አ. በዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ በ4 ለ2 ድምፅ ሲሰርዝ፣ አሸንፈሃል የተባለው ኡሁሩ በአደባባይ ዛተ። ከዚያ ኮሚሽኑ የመረጣቸውን 40 ዳኞች አልሾምም ብሎ ከ2019 ጀምሮ አቆያቸው። በ2021 34ቱን ሾሞ 6ቱን ተዋቸው። 6ቱ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በቀጣዩ ዓመት ዊሊያም ሩቶ ሲመጣ ነው። ልዩነቱን ግን እዩት። የስድስቱን ስም ሀገሩ ሁሉ ያውቃል። ኮሚሽኑ እንደመረጣቸው ያውቃል። ያስቀራቸው ማን እንደሆነ ያውቃል። ከስድስቱ ሁለቱ የመንግሥትን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውጥን ከሻሩት ዳኞች መካከል እንደነበሩም ያውቃል። ጠበቃው ይጮኻል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ፕሬዚዳንቱ ይጠየቃል። የኬንያው ወጣት ዳኛ "ለምን ቀሩ?" ብሎ ግቢ ውስጥ ሹክሹክታ መስማት አይጠበቅበትም።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት "ዳኛ ሁሉ ሌባ ነው፣ ነጻ ብታደርጉት ይብስበታል" ትላለች። እናቴ የቤት ውርስ ክርክር ላይ ስድስት ዓመት የተመላለሰች ሴት ናት፣ ንዴቷ ይገባኛል። ሌብነት የለም ብዬ አልዋሽም። ፍርድ ቤታችን ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚቀመጥ ደላላ ነበር። "ዳኛውን አውቀዋለሁ" እያለ ከባለጉዳይ ብር ይቀበላል። መዝገቡ ከተፈረደለት "አየህ፣ ተናግሬልህ ነው" ይላል፣ ካልተፈረደለት ከፊሉን ይመልሳል። ዳኛው ስሙንም አያውቀውም። ይህ ሰውዬ ያን ሁሉ ዓመት የኖረው በምን መሰላችሁ? ሰው ዳኛ እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወስን ስላላየ፣ ያልታየውን ነገር ደላላው ሸጠለት። እውነተኛ ሌባ ዳኛም የሚያዘው መዝገቡ በቀን ብርሃን ሲመረመር ነው፤ ጉባኤው ክሱን ይስማ፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ያውጣ፣ ስሙንም ይጥራ። ለእናቴ ይህን ስላት "ይሁና" ብላ ዝም አለች፤ ከእሷ ይህ ብዙ ነው።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚታጩ ሰዎች ስም ከሹመቱ ቀደም ብሎ ይውጣ፣ የጻፏቸው ፍርዶች ይነበቡ፣ በካሜራ ፊት ይጠየቁ። በየክልሉ የሚወዳደር ዳኛም ውጤቱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይቀበል፣ ቅር ካለው አቤት የሚልበት ይኑረው። ሕገ መንግሥት ሳይሻሻልም ብዙው ሊደረግ ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ከማቅረባቸው በፊት ሕዝብ ፊት የሚደረግ ጥያቄና መልስ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ከፍርድ ቤት ወጥቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እጅ መግባቱ ሌላ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ልጆች ሆነን ስንጣላ "በሕግ አምላክ!" ሲባል እጃችን አየር ላይ ይቆም ነበር። ፖሊስም ዳኛም አጠገባችን የለም። ቃሉ ብቻውን ያቆመናል። ያ ልጅ የታሰረበት ጣቢያ በር ላይ እናትየው ወረቀቱን ዘርግተው "በሕግ አምላክ" ብለው እንደነበር ነግረውኛል።

ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ደወልኩላቸው። አሁንም እዚያው ችሎት ናቸው። ጡረታቸው እየቀረበ ነው። ስለ ልጆቻቸው አወራን፣ ስለ ጨጓራቸው አወራን። ልዘጋው ስል "አንቺ ልጅ፣ የዳኞች ምልመላ ማስታወቂያ ወጥቷል አሉ። እዚህ ኔትወርክ የለም፣ ካገኘሽው በቴሌግራም ላኪልኝ" አሉኝ።

ፈልጌ ላኩላቸው። ማታ ላይ አይተውታል።